አላነሳም!

ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ቢለምኑትም አይወጣም። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ በራሱ የሚነሳ ፓምፕ ገዝቼ ደረጃው ስር፣ እትዬ በላይነሽ በር አጠገብ አስተከልኩ። ችግሩ፣ ሲነሳ ድምፁ ወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው።

እትዬ በላይነሽ ባዩኝ ቁጥር፣ "አንተ ልጅ፣ ይሄን ጉድህን አንሳልኝ፤ አደነቆረኝ እኮ!" ይሉኛል።

"አላነሳም እትዬ! እኔስ ውሃ አልጠጣ?"

የነዋሪዎች ኮሚቴ ፊት አቆሙኝ። እዚያም እምቢ አልኩ።

በኋላ ግን ጩኸቱ ለራሴም ሰለቸኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ ለካ ብረቱ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ነው የሚንቀጠቀጠው። አሮጌ ጎማ ቆርጬ ከስሩ አነጠፍኩለት። ጸጥ አለ። አሁን ማን ይናገረኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ መሄድ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት የቤቴ በር ተደበደበ። ስከፍት እትዬ በላይነሽ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው ቆመዋል። ከኋላቸው ኮሚቴው በሙሉ፣ ሁሉም ባዶ ጀሪካን ይዟል።

"ክፉ!" አሉኝ። "ያንተን ሞተር ጩኸት ስንጠብቅ ውሃው መጥቶ ሄደ እኮ! በል አሁኑኑ ያን ጎማ አንሳ!"

"አላነሳም!"