ይሄስ ለፈተና ነው?

ቡታጅራ አስረኛ ክፍል ስንማር ባዮሎጂ የሚመጣልን በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበር። አንድ ቀን ትምህርቱ የሰው ልጅ አመጣጥ ላይ ሲደርስ አስተማሪያችን ተነስቶ ድምፁን አጠፋው። «ይህን ለፈተና ብቻ ያዙት፤ እውነቱን ከየቤታችሁ ታውቁታላችሁ» አለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አጨበጨበለት። እኔን ግን አናደደኝ። ካላመነበት ለምን ያስተምረናል? ወይስ ያምንበታል፣ የፈራው እኛን ነው? ፊቱን ባየው ባየው ምንም አልነግርህ አለኝ።

በሳምንቱ ስለ ወባ ሲያስተምረን፣ በሽታውን የምታስተላልፈው ሴቷ ትንኝ ብቻ ናት አለ። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ይሄስ ለፈተና ነው ወይስ የእውነት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን መጀመሪያ ያየው በሩን ነበር፣ ክፍት መሆን አለመሆኑን።