እባብ ያልኩት ምልክት

አንዲት ተማሪዬን ፍለጋ ዛሪማ ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ። አላገኘኋትም። ከዚያ ወዲህ ክፍሌ ውስጥ ሁለት እጅ ወደ ላይ አንስቶ ማወዛወዝ የለም። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚያጨበጭቡት እንደዚያ ነው፤ እኔ ግን ጎበዝ ለማለት ትከሻቸውን መታ መታ አደርጋለሁ። አዲሶቹ መምህራን ግራ ይገባቸዋል። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።

ደባርቅ የልዩ ፍላጎት ክፍል ስመደብ፣ ኮሌጅ የምልክት ቋንቋ ተምሬ በመምጣቴ ልቤ አብጦ ነበር። ማየት የተሳናቸውም፣ መስማት የተሳናቸውም፣ ትምህርት ቶሎ የማይገባቸውም በአንድ ክፍል ነው የሚማሩት። እሷ ከዳባት ወዲህ ካለ ገጠር የመጣች፣ አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ከእናቷ ጋር ብቻ የሚግባቡበት የቤት ምልክት ነበራት። ያንን ምልክት ጠመድኩት። ነገ እናቷ ባይኖሩ ከማን ጋር ልታወራ ነው እያልኩ፣ ባሳየችኝ ቁጥር እጇን ይዤ አርማታለሁ። ክፋት አልነበረብኝም። ግትርነት ግን ነበረብኝ።

አንድ ዓርብ የእንስሳትን ስም ስንለማመድ ከቦታዋ ተነስታ መጣች። ደረቷን ነካች፤ ከዚያ መዳፏን እያጠማዘዘች ቁልቁል ወደ ወለሉ አወረደችው። እባብ ለማለት የፈለገች መሰለኝ። እንደሱ አይደለም ብዬ ትክክለኛውን አሳየኋት። በእንቢታ ራሷን ወዝውዛ የራሷን ደገመችው። እኔም የእኔን ደገምኩት። በአራተኛው እጄን ዝም ብላ አየችና፣ የእኔን እባብ ምንም ሳታዛንፍ ሠራችው። ሁለት እጄን አንስቼ አወዛወዝኩላት፤ ክፍሉም ተከተለኝ። እሷ አልሳቀችም። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰኞ አልመጣችም። ሳምንቱን ሙሉ ቀረች። ቅዳሜ እናቷን ገበያ ላይ ባቄላ ሲሸጡ አገኘኋቸው።

"ልጅዎ ምነው ቀረች?"

"ዳርናት እኮ። አባቷ ለዛሪማ ሰው ሰጣት" አሉኝ። ከልጃቸው ጋር ማውራት የለመደ እጃቸው፣ አፋቸው ይህን ሲናገር እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወረደ።

"ይኼ በእጅዎ ያሉት ምንድን ነው?"

"ሊማሊሞ ነዋ፤ ወደ ዛሪማ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት። አባቷ ለእህል ንግድ ሲወርድ፣ የት ሄደ ስትለኝ እንዲህ ነው የምላት።" ከባቄላው እፍኝ ዘገኑ። "እኔስ አባቷን አልችለው። አንቱ መጥተው ይከለክሉልኛል ብየ፣ ለመምህርሽ ንገሪ ብያት ነበር። ዓርብ ስትመጣ ነገርኋቸው አለችኝ።"

"እኔ ምን መለስኩላት አለችዎ?"

የያዙትን ባቄላ አስቀመጡና፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አወዛወዙልኝ።