ችካል የነቀለችው ሴትና ልጄ

ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የሻገተ ገብስ ሽታ ነው። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ጠባብ ክፍተት ነበረች፤ የከተማችን የቆሰበር ጉም በእሷ ገብቶ ከእኛ ጋር ያድር ነበር። ልጄን በአንቀልባ እንዳዘልሁ ደፉ ላይ ቆምሁ። ወለሉ ላይ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ሽበታም አሮጊት ናት። ሁለተኛዋ በዕድሜ እኔን የምታህል ናት፤ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጥቧል። ዝናብ የመታት መስሎኝ ነበር።

«ግቢ እንጂ» አለችኝ አሮጊቷ። «ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ኪራይ የለውም።»

ጊዜው የንጉሡ ጊዜ ነው፤ መሬት ሊለካ ነው፣ ግብር ሊጨመር ነው የተባለ ሰሞን። ገበሬው ገመድ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር ዱላውን የሚፈልግበት ጊዜ ነበር። ቤቴ ከመኪናው መንገድ ዳር ነው። ባሌ ለንግድ ወደ ቡሬ ሄዶ ነበር። በገበያ ቀን ጧት ከዳንግላ የመጣ አንድ የማዘጋጃ ቤት ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ገመድ ዘርግቶ ችካል ሲመታ አረፈደ። ምን እንደሚሠራ ለማንም አልነገረም። ማንም አልጠየቀውም። በዚያ ሰሞን ገመድና ችካል ያየ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ከሰዓት በኋላ ችካሉ ሁሉ ተነቅሎ ጠፋ። እኔ ከጓዳ ስወጣ ከአጥሬ ውስጥ የተጠረበ እንጨት ተበትኖ አገኘሁ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ በእኛ አገር በዚያ ወቅት ደረቅ እንጨት ብርቅ ነው። ለቅሜ አስገባሁትና ግማሹን ማገድሁት። ፖሊሶቹ ሲመጡ ምድጃዬ ውስጥ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል እየነደደ ነበር።

«አድመኛ ነሽ» አሉኝ። እኔ ከጎረቤት ጋር እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሴት።

ችካሉን የነቀለችው ያች ቀሚሷ የረጠበው ሴት መሆኗን ያወቅሁት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ከጥርባ በኩል ገብስ ልትሸጥ የመጣች አገው ናት። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ያላትን ግን አትቆጥብም።

«ለካ ለዛፍ ነው» አለችኝ። «ሲመረምሩኝ ነገሩኝ። የመንገድ ዛፍ ሊተክሉ ነው አሉ። ለዛፍ ገመድ ይዘረጋል? ዛፍ ግብር ይከፍላል?»

«አጥሬ ውስጥ የወረወርሽው አንቺ ነሽ?»

«የማን አጥር እንደሆነ አላየሁም። የቀረበኝ እሱ ነበር።»

አሮጊቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ብዙም ሳይቆይ ጡቴ ደረቀ። ድንጋጤ ነው አለች አሮጊቷ። ልጄ ገና መዳህ አልጀመረችም። ከእሷ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ቀብሬአለሁና የልጅ ለቅሶ ሲደክም እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ። ጎረቤቴ የላም ወተት ብታመጣልኝም ልጄ ታስመልሰዋለች። ባዶውን ጡት ይዛ ትታገላለች፤ ትለቀዋለች፤ ፊቴን ታያለች።

ሴትዮዋ ደግሞ ጡቷ ሞልቶ ያማት ነበር። ልጇን እቤት ትታ ለአንድ ቀን ገበያ የወጣች ሴት ናት። ቀሚሷን ያረጠበው ዝናብ አልነበረም። ሲብስባት ጥግ ትሄድና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ወተቷን መሬት ላይ ታፈስሰዋለች። ወተቱ አቧራው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። ልጄም የምትሰማው ይመስለኝ ነበር።

«አምጫት» አለችኝ፤ እጇን ዘረጋች።

«አትፈልግም።»

«እሷ ናት የማትፈልገው፣ ወይስ አንቺ?»

ልጄን ወደ ደረቴ አስጠጋኋት። በእኛ ዘንድ ጡት ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ የሌላ ሴት ጡት ከጠባ የጡት ልጇ ነው። ዓመት በዓል ሲመጣ ሄዶ ይጠይቃታል፤ ልጆቿ ወንድምና እህት ይሆኑታል፤ ሲዳር ከወላጅ ጋር ትቀመጣለች። ማለትም ከዚያ በኋላ ልጁ የአንዲት ሴት ብቻ አይሆንም። እኔ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። እሷን ደግሞ ለእስር ለዳረገችኝ ሴት ላካፍል?

ልጄ ግን ሽታውን አወቀችው። ሴትዮዋ በአጠገባችን ባለፈች ቁጥር አንገቷን ታዞራለች። ጭራሮ በሚያህል እጇ ደረቴን ገፋ አድርጋ ወደዚያ ታያለች። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመናገር ይከብደኛል። የረኃብ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም የከዳችኝ መሰለኝ።

«ባል ሳይኖር ጣውንት የሆኑ ሴቶች ገና ዛሬ አየሁ» አለች አሮጊቷ።

«እትዬ፣ እርስዎ አይግቡበት።»

«ልግባበት አልልም፤ ግን መሬቱ ጠጥቶ ሰከረ። መሬት አያድግልሽም።»

በማግሥቱ ጧት ልጄ ዓይኗን መግለጥ እንቢ አለች። ጉንጯን ነካ ሳደርገው ገለጥ ታደርግና መልሳ ትከድነዋለች። በሩ ተከፈተና ዘበኛው ሁለታችንን ጠራን። ችካል ነቃይዋና ችካል አንዳጇ ጉድጓድ ይቆፍሩ ተብሏል አለ። ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መንገድ ዳር እየጠበቀ ነበር። ኮቱ በጭቃ ተለውሷል። ገመዱን እንደገና ዘርግቶ፣ ችካሉን እንደገና መትቶታል። ሴትዮዋን አያት።

«ችካሌን የነቀልሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«መሬት የምትለካ መስሎኝ ነው።»

«መለካቱንስ ለካሁ» አለ። «ከዛፉ እስከ ዛፉ ምን ያህል ይራቅ፣ ከቤቱ ግድግዳስ ምን ያህል ይራቅ ብዬ ነው የለካሁት። ዛሬ ስታዩት የተራራቀ ይመስላችኋል። ሲያድግ ቅርንጫፉ ይገናኛል። አቀራርቤ ብተክለው ውኃና ፀሐይ ሲሻማ ሁሉም ይቀጭጫል።»

«ባሕር ዛፍ አይሻልም ነበር?» አለ ዘበኛው። «ቶሎ ያድጋል።»

«ቶሎ አድጎ ቶሎ ይቆረጣል። እኔ የማስበው ረጅም ዕድሜ ነው።» በጣቱ ጀርባዬን አመለከተ። «የዚህች ልጅ የልጅ ልጆች የሚጠለሉበትን።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የወግ ነው ብዬ አልፈው ነበር። በዚያ ጧት ግን እጄን ወደ ኋላ ልኬ ልጄ መተንፈሷን ዳበስሁ። እኔ ልጄ ለማታ ትደርስ እንደሆነ ነበር የማስበው። እሱ የልጅ ልጆቿን ያስጠልላል።

ችግኞቹ ዝግባና ዋንዛ ናቸው፤ በዛገ ጣሳ ውስጥ አድገዋል። አንዱን ገልብጦ ከጣሳው አወጣና ሥሩን አሳየን። ዙሪያውን እየዞረ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል።

«ጣሳ ውስጥ ስለኖረ ነው» አለ። «እንዲሁ ብንቀብረው ለጥቂት ዓመት ለምለም ይመስላል። ኋላ ሥሩ በራሱ ላይ እየተጠመጠመ ግንዱን ያንቀዋል። ቀስ ብላችሁ ፍቱት። ዳር ዳሩን ብቻ፤ መካከሉ ላይ ያለው አፈር አይርገፍ። ጉድጓዱን አስፉት፤ ግድግዳውንም ጫር ጫር አድርጉት። ግድግዳው ልሙጥ ከሆነ ሥሩ አሁንም ጣሳ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። አንገቱን ደግሞ፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበትን፣ አትቅበሩት።»

ይህን ብሎ ከመንገዱ ማዶ ወደሚቆፍሩት ወንድ እስረኞች ሄደ። እኔ ቆፈርሁ። ሴትዮዋ ቁጢጥ ብላ ሥሩን ትፈታ ጀመር። ጣቶቿ ወፍራም ናቸው፤ ግን የልጅ ፀጉር እንደምትፈታ ሴት ነበር የምትይዘው። ከተያዝሁ ጀምሮ ስለ ራሷ አንድም ነገር ጠይቄአት አላውቅም ነበር።

«ልጅሽ ማን ዘንድ ነው?» አልኋት።

«ከወንድሜ ሚስት። እሷም አራስ ናት። ታጠባልኛለች።»

«አትቀኚም?»

ቀና ብላ አየችኝ። የሞኝ ጥያቄ የጠየቅኋት ይመስል።

«እንዴት አልቀናም። አሁን ጡቷን ይዞ ይሆናል ብዬ ሳስብ እጄን እነክሳለሁ። ግን እሱ ጠግቦ እኔ ልቅና። እሱ ተርቦ እኔ ባልቀና ምን ይረባኛል?»

የጉድጓዱን ግድግዳ ጫርሁ፤ ችግኙን አስገባች፤ እሷ ቀጥ አድርጋ ያዘች፣ እኔ አፈር መለስሁ። ያን ጊዜ ልጄ ከጀርባዬ ድምፅ አሰማች። ለቅሶ አልነበረም። በር ሲጢጥ ሲል ዓይነት ትንሽ ድምፅ ነው። የሴትዮዋ ቀሚስ እዚያው ዓይኔ እያየ ረጠበ። ችግኙን አልለቀቀችም፤ እጇንም አልዘረጋችም። አንድ ጊዜ ዘርግታ የተመለሰባትን እጅ ሁለተኛ አትዘረጋም።

አንቀልባውን ፈታሁ። እጄ ጭቃ ስለነበር በቀሚሴ ጠረግሁት። ልጄን ጭኗ ላይ አስቀመጥሁላት።

«የጡት ልጅሽ ናት» አልሁ። ድምፄ ቢያንስም አልሁት።

ልጄ ጡቱን መጀመሪያ አላገኘችውም። ሴትዮዋ በጣቷ ጫን አድርጋ ከንፈሯ ላይ ጠብ አደረገችላት። ከዚያ ያዘች። ስትውጥ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ቀስ በቀስ እጇን አንሥታ የሴትዮዋን አንገት ያዘች፤ ልክ የእኔን እንደምትይዘው አድርጋ።

ዘበኛው መጣ።

«ምንድን ነው? ማን ተቀመጡ አላችሁ? ተነሡ!»

ሴትዮዋ ልትነሣ ስትል ትከሻዋን ያዝኋት። ነጠላዬን ከራሴ አወረድሁና በሁለት እጄ ዘርግቼ በእሱና በእነሱ መካከል ቆምሁ። በሕይወቴ ለፖሊስ ቀና ብዬ የተናገርሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ልጅ እየጠባች ነው ጌታዬ።»

«ልጅቱን አዝለሽ የመጣሽው አንቺ አይደለሽም? የማን ናት?»

«ልጅቱ የኔ ናት። ጡቱ የሷ ነው። ጠብታ እስክትጠግብ ይቆዩን።»

መንገደኛው ቆሞ ያያል። ነጠላው በንፋስ ይርገበገባል። ዘበኛው አንዴ እኔን፣ አንዴ የተዘረጋውን ነጠላ አየ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ከወዲያ መጥቶ ቁጢጥ አለና የዘመመውን ችግኝ ቀና አድርጎ ያዘ።

«አፈሩ እስኪረገጥ ሰው መያዝ አለበት» አለ ለዘበኛው። «እኔ እይዛለሁ።»

ዘበኛው ጀርባውን ሰጠንና ሲጋራውን አወጣ። ልጄ ጠግባ ስትተኛ ሴትዮዋ መልሳ ልትሰጠኝ አነሣቻት። ልጄ በእንቅልፏ ተነጫነጨች። የሴትዮዋን አንገት አልለቅ አለች።

ባሌ ከቡሬ ተመልሶ በዋስ አስወጣኝ። ሴትዮዋ ቀረች። ቤቴ ገብቼ ተኝቼ በልቼ ጡቴ ጥቂት ተመለሰ፤ ለልጄ ግን አይበቃትም ነበር። ስለዚህ ጧትና ማታ ልጄን አዝዬ ወደ መጋዘኑ በር እሄዳለሁ። ከእስር ተፈትቶ በየቀኑ ወደ እስር ቤት የሚመላለስ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ዘበኛው ሲያየኝ ወደ ውስጥ ዞሮ «ጣውንትሽ መጣች» ይላታል፤ አሮጊቷ አስተምራው ነው። በመመለሻዬ የተከልነውን ዛፍ ውኃ አጠጣለሁ፤ ፍየል እንዳይበላው ዙሪያውን እሾህ አጠርሁለት። ልጄን ግን በሩ ላይ ስሰጥ አንድም ቀን ፊቴን ወደ ልጄ አዙሬ አላውቅም። ከበሩ የሚታየውን ችግኝ ነበር የማየው።

በኋላ እሷም ተፈታች። አገሯ ስትገባ ልጇ ሊያውቃት እንዳልፈለገ ሰማሁ። ያን የሰማሁ ዕለት ሄጄ ላያት ፈለግሁ፤ አልሄድሁም።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው። ሲሰፋ በአንዱ ወገን ያሉት ዛፎች ተቆረጡ። በዚህኛው ወገን ያሉት ቆመዋል፤ ቅርንጫፋቸው ያ ሰው እንዳለው ተገናኝቷል፤ ባጃጅ የሚነዱ ልጆች ጥላው ሥር ይሰለፋሉ። ልጄም ወልዳ ልጆቿ ወልደዋል። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ጥርባ ትሄድ ነበር፤ ከዚያ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። ቅደም ተከተሉን ማን እንደወሰነው አላውቅም። ከዚያ ስትመጣ የገብስ ዳቦ ትይዝ ነበር፤ «እማዬ ላከችልሽ» ትለኝ ነበር። እኔንም እማዬ ነው የምትለኝ። በድምፅዋ ለመለየት ስንት ጊዜ ሞክሬአለሁ።

ባለፈው ዓመት ሴትዮዋ አረፈች። ጥርባ ለቀብር ሄድን። ልጄ ከሴትዮዋ ልጆች ጋር ደረቷን እየመታች፣ በአገውኛ እየጠራቻት አለቀሰች። ያን ቋንቋ መቼ እንደተማረችው አልነገረችኝም ነበር። እኔም አለቀስሁ፤ ልጄን ያቆየችልኝ ሴት ናትና እውነተኛ እንባ አለቀስሁላት። ግን በእንባዬ መካከል ልጄን እያየሁ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«እኔስ ስሞት እንዲህ ታለቅሻለሽ?» አልኋት።

«አንቺ መቼ ለመሞት ጊዜ አለሽ እማዬ» አለችኝ። «ስትቀኚ።»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። እኔ ግን ቆሰበር እስክንገባ አልተኛሁም። ጥያቄዬን አልመለሰችልኝም።