ዳፍንታሟ በቅሎና እኔ

የዚያን ቀን ሞኝነቴን ራሴ አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ካልተናገርኩት ሌላው አሳምሮ ያወራብኛል። ኮርቻዋ ውስጥ ደብዳቤ የሰፋሁባትን በቅሎ በሹም ደጅ ገረፍኳት።

ደብዳቤው አንድ የደጋ መኮንን ቆላ ለሸፈተ ባላባት የላከው ነው። ነጋዴ ሆኜ በመንገዴ አደርሳለሁ አልኩ እንጂ፣ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ፊደል አልቆጠርኩም። አሶሳ የደረስኩት ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። በሹሙ ግቢ በኩል ሳልፍ በቅሎዬ ቀጥ ብላ ሄዳ ከቀርከሃው አጥር ጋር ተላተመች። ዝም ብዬ ብመልሳት ማን ልብ ይለኝ ነበር? እኔ ግን "ጠላ ጠጥተሽ ነው?" እያልኩ አለንጋ አነሳሁ። ስትፈራገጥ ኮርቻው ወደቀ። ዘበኞቹ ሊረዱኝ ሮጠው መጡ፤ ረዱኝም። ኮርቻውን ሲያነሱ ደብዳቤው ተገኘ።

"በቅሎህ ካንተ ትሻላለች፤ የት መቆም እንዳለባት አውቃለች" አለኝ አንደኛው።

እስር ቤቱ የቀርከሃ ጎጆ ነው፤ ወለሉ ቀይ አፈር፣ ሽታው ጭስና ላብ። ቀኝ እጄን ከአንድ ሰው ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት ቆራኙት። ቁራኛዬ ጢሙ የሸበተ የበርታ ሰው ነበር፤ ለሸሸ ሰው መንገድ አሳይተሃል ተብሎ የታሰረ።

"ሐበሻ፣ ቀኝህን ሰጠኸን" አለ በስብርብር አማርኛው እየሳቀ። "ያልታሰረው ቀኝ ለኔ ነው። እኔ መጀመሪያ ገባሁ።"

እንስሳት ስለሚያውቅ ማታ ማታ የግቢውን ከብት እንዲያይ ያወጡታል። እኔም በሰንሰለቱ ጫፍ እንደ ጅራት እከተላለሁ። የተወረሰችው በቅሎዬም እዚያው ነበረች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቁራኛዬ መንገዷ ላይ ግንድ አጋደመና ነዳት፤ ተደናቅፋ በጉልበቷ ወደቀች።

"ዳፍንት ነው። እሱ ገለባ ብቻ በልቷል። ሲመሽ ዓይን የለውም" አለ በቅሎዋን እያሳየኝ።

"አያ፣ ገለባ ብቻ ምነው? ገብስ ነው ያበላኋት! የጌታ በቅሎ ናት!"

"ገብስ ሆድ ይሞላል። ዓይን አይሞላም።"

ስቄ ተውኩት። ከበሶ ሌላ ስንቅ የማላውቅ እኔ፣ በበቅሎዋ ገብስ ላይ የተፈረደው በእኔም ላይ እንደተፈረደ በምን ልወቅ? እኛ የምንበላው ነጭ የማሽላ ገንፎ በጨው ነበር። በሦስተኛው ወር ግድም ፀሐይ ዘንበል ስትል ዓለም አመድ ትለብስብኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። ዓይኑ የጠፋ ነጋዴ ቢፈታስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሌላ ወዴት ይሄዳል? ይህን እያሰብኩ ቀን ቀን ከሁሉም በላይ እቀልድ ነበር።

አንድ ምሽት ገንፎ ቀረበልን ሲሉ እጄን ሰደድኩ። ያገኘሁት የቁራኛዬን ጢም ነው።

ጢሙን አላስለቀቀኝም። "ስንት ቀን ሆነ?" አለኝ ዝግ ብሎ።

"ምኑ?"

"ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ አንተም በቅሎ ሆነሃል።"

በኢድ ቀን ዘበኞቹ በግ አረዱ። ቁራኛዬ ለራሱ ሥጋ አልለመነም፤ ጉበት ለመነ። ፍም ላይ ጠብሶ፣ ጨው ነስንሶ፣ በቀኝ እጁ ወደ አፌ አቀረበው።

"ጉረስ። ለዓይን ነው።"

ሽታው ምራቄን አመጣው። ግን በጉን ያረደው እስላም ነው። በአገሬ ያንን የጎረሰ ክርስቲያን ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይቆጠራል፤ እናቴ እንኳ ከመሶቧ አታስቀርበኝም። ፊቴን አዞርኩ። በጎጆው ያለው እስረኛ ሁሉ ወደኛ ዞረ። የተዘረጋ ጉርሻን መመለስ ጥፊ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

እጁ ጥቂት አየር ላይ ቆየ። "እሺ" አለ። "እኔም ያንተን አልበላም።" ጉበቱን ጥግ ለተኛው በሽተኛ ሰጠው። እሱ ራሱ ጣቱን አልላሰም።

በማግስቱ ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ ከወንዙ ዳር ሴቶቹ ለወጥ የሚለቅሙትን ለምለም ቅጠል ለቀመ። ሁለት እስር አደረገው፤ አንዱ ለበቅሎዋ፣ አንዱ ለኔ።

"ቅጠልን ማን አረደው?" አለኝ። "ቢስሚላህ ያለበት የለም። በስመ አብም ያለበት የለም።"

"በቅሎዋ ትቅደም። እሷ ካየች እበላለሁ።"

"ወላሂ፣ በቅሎ ላንተ መምህር ሆነ!"

እውነቱን ልናገርና፣ የበቅሎዋን ውጤት ሳልጠብቅ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እሱ ቀቅሎ የሚያኖረውን ቅጠል በድብቅ እበላ ነበር። በድብቅ የምለው እንግዲህ ከሰውዬው ጋር በአንድ ሰንሰለት ታስሬ ነው። ድስቱ ሲጎድል ያያል፤ በማግስቱ ጨምሮ ይለቅማል።

ሳምንት አልፎ ጥቂት እንደቆየ፣ ፀሐይ ጠልቃ በቅሎዋ ግንዱን እግሯን አንስታ ተሻገረችው። እግሯን ስታነሳ አየኋት። ማየቴን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ዞር ስል የቁራኛዬ ጢም እርጥብ ነበር።

ዋስ ተገኝቶልኝ የተፈታሁት እንዲሁ ሲመሽ ነው። ዘበኛው ዕውር መሆኔን ሰምቶ ኖሮ ክንዴን ያዘኝ።

"ልቀቀኝ" አልኩት። "መንገዱን አያለሁ።"

"ሐበሻ! ግንዱን እለፍ!" አለ ቁራኛዬ ከኋላዬ። እግሬን አንስቼ አለፍኩት። ለብቻዬ እስከ በሩ ሄድኩ። እሱ እዚያው ቀረ፤ ዳግመኛም አላየሁትም።

ዘንድሮ የከብት ሐኪም መንደራችን መጥቶ ነበር። በለምለም ሣርና ቅጠል ውስጥ የቫይታሚን ምንጭ አለ አለን፤ ሣሩ ደርቆ ሲቆይ ይጠፋል። እንስሳው በክረምት የበላውን ጉበቱ ውስጥ አጠራቅሞ በበጋ ያወጣዋል፤ ሲያልቅበት መጀመሪያ የምሽት ዓይኑ ይሄዳል፣ ቆይቶም ጥጃው ደካማ ሆኖ ይወለዳል።

"ታዲያ ጉበት የሣር ጎተራ ነው በለኛ!" አልኩት።

"እንደዚያ ማለት ይቻላል፣ አባባ።"

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ ሐኪሙ ያረጀ አእምሮ መስሎት ወደ ከብቶቹ ዞረ። እምቢ ያልኩት ጉበት ያው ቅጠል ነበር፤ በጉ ቀድሞኝ በልቶት ነው እንጂ። ቁራኛዬ ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ግን ሊረታኝ አልፈለገም፤ የማፍርበት ነገር ሳይተውብኝ ወደ ወንዙ ወሰደኝ።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። እኛን ያፋቀረን ያልጎረስኩት አንድ ነው። እጁ እንደተዘረጋ፣ ጨዉ ፍሙ ላይ ሲንጣጣ፣ አሁንም ይታየኛል። ያችን አንድ ጉርሻ እስካሁን አልጎረስኩለትም።