«ዘግይተሽ ነው ያመጣሻት»

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ «አስተርጓሚው» ከተባለ ኒካው ነው። ሌላ አስተርጓሚ ጠፍቶ አይደለም፤ እንደ እሱ የሰው ቃል ሳያጎድል የሚያደርስ የለም ስለሚባል ነው። ተወልዶ ያደገው ባሮ ዳር ነው። አፉን የፈታው በኑዌርኛ ሲሆን አማርኛን ከገበያ፣ ከትምህርት ቤትና ከደገኛ ጎረቤቶቹ ለቅሞ ተማረ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የስደተኞች ክሊኒክ በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል ይቆማል። እሑድ እሑድ ደግሞ በሰባኪና በምእመናን መካከል ይቆማል። መዘምራኑንም የሚመራው እሱ ነበር። ሚስቱ ልድያ፣ «አንተ የራስህ ወሬ የለህም እንዴ? ቀኑን ሙሉ የሰው ነው የምታወራው» እያለች ትስቅበታለች።

የራሱማ ነበረው። ለልድያም እንኳ አልነገራትም።

ነገሩ የሆነው ከስድስት ዓመት በፊት፣ ዝናቡ መንገዱን ማጥ ባደረገበት በሐምሌ ወር ነው። ኛሩዋይ የምትባል ሴት የሁለት ዓመት ልጇን ኛማልን ታቅፋ ክሊኒኩ መጣች። ልጅቷን ትኩሳት ከያዛት ገና አንድ ቀኗ ነበር። ጤና መኮንኑ ሙስዓብ መረመራትና ፊቱ ተለወጠ።

«ንገራት» አለ ለእናቲቱ የትኩሳት ማስታገሻ ሽሮፕ እያቀበለ። «ወባው ወደ ጭንቅላቷ እየወጣ ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት አለባት። አምቡላንስ እስኪመጣ ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ። አማርኛ ስለማትችል አንተም አብረሃት ትሄዳለህ።»

ያን ዕለት ማታ የመዘምራን ልምምድ ነበር። ለዓመቱ ጉባኤ የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሠራተኞቹን ወደ ከተማ የሚመልሰው ሰርቪስ ሞተሩን አስነስቶ ጡሩምባ ይነፋል። ኒካው መኪናውን አየ፤ ሴትዮዋን አየ። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ጸጥ ብላለች፤ እንቅልፍ የወሰዳት ነው የምትመስለው። ከዚያ በኑዌርኛ፣ «ይህን ሽሮፕ ስጫትና ጠዋት ተመለሺ» አላት። ወደ ሙስዓብ ዞሮ ደግሞ፣ «እምቢ አለች። ቤት የተውኳቸው ልጆች አሉ፣ አልሄድም ትላለች» አለው።

«ለምናት እንጂ!» ብሎ ተቆጣ ሙስዓብ።

ኒካው የሚለምን መስሎ፣ ሽሮፑን በስንት በስንት ሰዓት እንደምትሰጣት አስረዳት። እሷም አመስግናው ልጇን አቅፋ ወጣች።

ኛማል ሳይነጋ ሞተች።

በማግስቱ ኛሩዋይ ባዶ እጇን መጥታ ክሊኒኩ ደጅ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጠበቀችው። «ወንድሜ፣ ያጎደልኩት ነገር ነበር? ሽሮፑን እንዳልከኝ ነው የሰጠኋት» አለችው። ኒካው ወደ እሷ ቀረብ አለ። እውነቱን ሊነግራት ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነበር፦

«ዘግይተሽ ነው ያመጣሻት።»

ከዚያ ወዲህ ለኛሩዋይ ያላደረገላት የለም። ጎጆዋ ሲፈርስ እንጨት ተሸክሞ አቆመላት። የቀሩትን ልጆቿን ትምህርት ቤት አስገባላት። ቤተ ክርስቲያን የጋበዛትም እሱ ነው፤ አምና ተጠመቀች። ሰው ሁሉ የኒካውን ደግነት ያወራ ነበር። እሱም ተንበርክኮ «ይቅር በለኝ» ብሎ ለአምላኩ ያልተናገረበት ቀን የለም። ተንበርክኮ ሲነሣ ግን ሸክሙ አይቀልለትም። አንዳንዴ ለእሷ መንገር ያስብና፣ «ለምን የሻረ ቁስል እነካካለሁ?» እያለ ራሱን ያታልላል።

አንድ እሑድ፣ ከመቱ የመጣ ወንጌላዊ ትንሣኤ የሚባል ሰው ሊሰብክ ቆመ። ቆርቆሮው ከላይ ይጋግራል፤ ሰው በያዘው ካርቶን ሁሉ ፊቱን ያራግባል። ወንጌላዊው ስለ ሕሊና ተናገረ። «ሰው ኃጢአቱን በመልካም ሥራ ሊሸፍን ይችላል» አለ፤ «መሸፈን ግን ማጠብ አይደለም። የሚያጥበው የክርስቶስ ደም ብቻ ነው። ቁስልህን ከፍተህ ካላሳየኸው ሐኪሙ ምኑን ያክመዋል?» ኒካው ይህን ሁሉ አንድም ሳይደናቀፍ ወደ ኑዌርኛ መለሰው። የሰው ቃል እያቀበለ መኖር ለምዷልና፣ ለራሱም እንደተነገረ አልተሰማውም።

«ልቡ የከበደው ሰው ካለ ይቁም» አለ ወንጌላዊው።

ከሴቶቹ መካከል ኛሩዋይ ተነሣች። የምትናገረውን ለወንጌላዊውና ከፊት ለተቀመጡት ደገኞች በአማርኛ ማቅረብ የኒካው ሥራ ነው።

«እኔ ነፍሰ ገዳይ ነኝ» አለች በኑዌርኛ።

አፉ እንደ ልማዱ ቀደመውና ኒካው በማይኩ፣ «እኔ ነፍሰ ገዳይ ነኝ» አለ። ማራገቢያ የያዙት እጆች ቆሙ።

«ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«ልጄን የገደልኳት...» አለ ኒካው፤ ቀና ብሎ አያት። «... እኔ ነኝ።»

«ትኩሳቷን እያየሁ አንድ ቀን ቆየሁ። ፈጥኜ ባመጣት ትድን ነበር። ይኸው ስድስት ዓመት፣ የቀሩት ልጆቼ ሲስቁ አብሬያቸው መሳቅ እፈራለሁ። ጌታ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ይቅር ብሎኛል። ይህንን ግን ይቅር የሚለኝ አይመስለኝም።»

ኒካው አፉን ከፈተ፤ አማርኛው ጠፋበት። ኃጢአቱ በእሱና በእግዚአብሔር መካከል ያለ ይመስለው ነበር። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ እሷ ናት የተሸከመችለት! ያን ዕለት ራሱን ለማዳን የወረወራት አንዲት ቃል ይህችን ሴት ስታነድ ኖራለች፤ እሱ ደግሞ አጠገቧ ቆሞ መዝሙር ያስዘምራል።

«ምን አለች?» ሲል ወንጌላዊው በሹክሹክታ ጠየቀው።

ኒካው ማይኩን መሬት አስቀመጠ። በወንበሮቹ መካከል አልፎ እግሯ ሥር ወደቀ።

«ኛሩዋይ፣ አልዘገየሽም» አላት በኑዌርኛ። «ሐኪሙ አምቡላንስ እንድትጠብቂ ነው ያለው። ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ለእሱ ደግሞ እምቢ አለች ብዬ ዋሸሁት። ልምምድ ነበረብኝ።»

ቤቱ ክው አለ። አንዲት አሮጊት ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ኑዌርኛ የማያውቁት ደገኞች ብቻ ግራ ተጋብተው «ምንድን ነው? ምን አለ?» ይባባላሉ፤ የሚነግራቸው የለም። ኒካው ከተንበረከከበት ሳይነሣ ቃል በቃል በአማርኛ ደገመው። ልድያ መሐረቧን አፏ ላይ እንደያዘች ቀረች።

ኛሩዋይ አልጮኸችም። ቁልቁል አየችው።

«ልምምድ?» አለች። «የመዝሙር?»

«የመዝሙር።»

ኛሩዋይ ፊቷን ከእሱ አዞረች። ጫማዋን ከወንበሩ ሥር ረስታ፣ በባዶ እግሯ የጋለውን አሸዋ እየረገጠች ሄደች። ወንጌላዊው መጽሐፉን እንደያዘ ደርቆ ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዳዊ፣ «ወንድም ኒካው፣ ጌታ ምን እንደሚል እናውቃለን። እኛ ምን እንደምንል ነው ያላወቅነው» አለና አቀርቅሮ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ኒካው ለክሊኒኩ የሆነውን ሁሉ ጽፎ ሰጠ፤ በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበተ። ወደ ሙስዓብም ሄደ። ሙስዓብ አሁን ገበያው አጠገብ መድኃኒት ቤት ከፍቷል። ሰምቶ ሲጨርስ ባንኮኒውን ተደገፈ።

«አላህ ይይልህ» አለ። «እኔኮ ያቺን እናት ስረግማት ነው የኖርኩት። ምን ዓይነት ጨካኝ ናት እያልኩ።» ከዚያ እንዲወጣ በሩን አመለከተው።

ቤቱም ቀላል አልሆነለትም። ልድያ ምግቡን ታቀርብለታለች፤ አትስቅበትም። አንድ ቀን፣ «እኔን ምን ብለህ ዋሽተኸኝ ይሆን እያልኩ ሳስብ እውላለሁ» አለችው። ኒካው ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሣ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ኛሩዋይ ከሽማግሌው ከዳዊ ጋር ኒካው ቤት መጣች። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

«ሐኪሙ ያን ቀን ያለውን ንገረኝ» አለችው። «ያኔ ያልተረጎምክልኝን። አንድ ቃል እንዳታስቀር።»

ኒካው ነገራት። ወባው ወደ ጭንቅላቷ እየወጣ ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል። ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ። «ለምናት እንጂ» ብሎ ሙስዓብ መቆጣቱንም ነገራት። እዚህ ላይ ሲደርስ ኛሩዋይ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። ሰውየው ስለ ልጇ መቆጣቱን እስከዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር።

ልድያ ውኃ አመጣችላት፤ ተቀብላ ሳትጠጣ መሬት አስቀመጠችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ አልመጣሁም» አለች ስትነሣ። «ብል እዋሻለሁ፤ ውሸት ደግሞ ይበቃናል። ጌታ ይቅር ቢልህ ግን አልቃወመውም። ለእኔ ጊዜ ስጠኝ።»

ኒካው ተከትሎ ሊሸኛት ተነሣና፣ ዳዊ በእጁ ምልክት ሲሰጠው ቆመ።

በሚቀጥለው እሑድ ያስተረጎመችው ፌበን የምትባል መምህርት ነበረች። ኒካው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አዳመጠ። ኛሩዋይም መጥታለች፤ ከሴቶቹ ጋር፣ ልጆቿን ግራና ቀኝ አድርጋ። ጸሎት ሲደርስ ኒካው ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አደረገ። ስድስት ዓመት ሲደረድራቸው ከኖረው ያማሩ የጸሎት ቃላት አንዱም አልመጣለትም። «ማረኝ» ብቻ አለ፤ ያውም አፉን በፈታበት ቋንቋ። ልድያ አጠገቡ ተንበረከከች፤ ከብዙ ቀን በኋላ እጇን ትከሻው ላይ አኖረች።