ይሉኝታ የገዛው ሄልሜት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ሐምሌ እዚሁ ሲያትል ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም፤ እኔም በደህና አለሁ። ግን ግንባሬን በዳሰስኩ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን ስለምስቅ፣ ሰው ሳይታዘበኝ በፊት ምክንያቱን ልናገር ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ሾፌርነት ነው። አረጋውያንን በቫን ከታኮማ ወደ ሐኪም ቤት አመላልሳለሁ። ቀኑን ሙሉ የምነዳው ቀስ ብዬ ነው፤ መኪናው ጉድጓድ ሲነካ እንኳ ዞር ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በፍጥነት የመንዳት አምሮቴ ሳይወጣልኝ የኖረው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዓምና አንዲት ቀይ ባለሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ገዛሁ። አሮጌ ናት፣ ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው።

ባለቤቴ ጽጌ አልተቃወመችም። ቅድመ ሁኔታዋን ግን በግልጽ ነገረችኝ።

«ሃይዌይ ላይ ስፒድ አድርገህ ባገኝህ መኪናዋ ትሸጣለች። መፍጠን ካማረህ ትራክ ላይ፣ እሱም ሙሉ ጊር ለብሰህ። እኔም መጥቼ አይሃለሁ። ካላማረኝ ግን እዛው ቆሜ ፎር ሴል ብዬ ፖስት አደርጋታለሁ፣ ኦኬ?»

ጽጌ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። እኔም በመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ለጀማሪዎች በተዘጋጀ የትራክ ቀን ተመዘገብኩና ዕቃ ልገዛ ሄድኩ።

ሱቁ የመኪና ውድድር ዕቃ ብቻ የሚሸጥበት ጠባብ ቤት ነው። ሄልሜቶቹ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድረዋል። ያስተናገዱኝ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ቀጠን ያሉ አሜሪካዊት ናቸው። ስማቸው ጆይስ ይባላል። በዕድሜ እናቴን ሳይበልጧት አይቀሩም።

ጓንቱ፣ ጫማውና እሳት የሚቋቋመው ቱታ ወዲያው ተገኙ። ጣጣው የመጣው በሄልሜቱ ነው። ጆይስ ወንበር አቅርበው አስቀመጡኝ፣ ራሴን በሜትር ለኩኝ፣ ከዚያ መሰላሉን ጎትተው ወጡበት። እኔ ብድግ አልኩ። የእናቱ እኩያ መሰላል ላይ ተንጠልጥለው እያየ፣ አሳዳጊ የበደለው ካልሆነ በቀር ማን ወንበር ላይ ይቀመጣል?

«እኔ ላውርደው» አልኳቸው።

«ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ። ደግመው ሲወጡ እኔም ደግሜ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ሄልሜት ሰፋኝ። ሌላው ጆሮዬን ይዞ ሊቀር ደረሰ። ቀጣዩን ይዘው ሲወርዱ ጉልበታቸውን ያዝ ሲያደርጉ አየሁ። ያንን ሳጠልቀው ጉንጬን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። ግንባሬ መሃል ላይ ግን አንድ ሰው በአውራ ጣቱ የሚጫነኝ ያህል ተሰማኝ።

«ጉንጭህን መጭመቁ ደግ ነው» አሉኝ። «ልቅ ሄልሜት ከባርኔጣ አይሻልም። አንድ ቦታ ላይ ለይቶ የሚያምህ ከሆነ ግን ለራስህ ቅርጽ አይሆንም ማለት ነው። አታውልቀው፤ ትንሽ ቆይና ንገረኝ።»

ቆየሁ። ግንባሬ መጠዝጠዝ ጀመረ።

«እህስ፣ ያምሃል?» አሉና ቀና ብለው የመጨረሻውን መደርደሪያ አዩ። የቀሩት ሄልሜቶች ያሉት እዚያ ጣሪያው ሥር ነበር። እኔም አየሁት። ከዚያ ጉልበታቸውን አየሁ።

«ኧረ ምንም! በጣም ጥሩ ነው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ለእኔ የተሠራ ነው የሚመስለው!»

እጅ ነስቼ፣ አመስግኜ፣ ሄልሜቱን ታቅፌ ኦቴሎ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ገባሁ። ጽጌ ገና በሩ ላይ ፊቴን አየችው።

«በደንብ ትራይ አድርገኸዋል?»

«ፐርፌክት ነው።»

«ሶ ግንባርህ ላይ ያለው ክብ ምንድን ነው?»

«ሲለመድ ይላላል» አልኳት። እንደ አዲስ ጫማ መስሎኝ ነበር።

የትራኩ ቀን ደረሰ። ጽጌ ስልኳን ይዛ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። ለእያንዳንዱ ጀማሪ ከጎኑ የሚቀመጥ አሠልጣኝ ይመደብለታል። የእኔ አሠልጣኝ ወደ መኪናዬ ሲመጡ ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጆይስ ናቸው! ለካ በዕረፍት ቀናቸው በፈቃደኝነት ያስተምራሉ።

«ደንበኛዬ! ሄልሜቱ ተስማማህ?»

አሁንማ ምን ብዬ ልመልስ? «በጣም!» አልኩ።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነዳሁ። ጆይስ በማይክራፎን «ጋዝ… ልቀቅ… ፍሬን… አሁን አዙር» ይሉኛል፣ እኔም እታዘዛለሁ። ፍጥነቱ ሲጨምር ሕመሙም አብሮ ጨመረ። ኋላማ ሚስማር የሚመቱብኝ መሰለኝ። ረጅሙን ቀጥታ መንገድ ጨርሰን ወደ ኩርባው ስንደርስ ሳላስበው አንድ እጄን ከመሪው አንስቼ ሄልሜቱን ወደ ላይ ገፋ አደረግሁ።

«ፍሬን!» አሉ ጆይስ።

ዘገየሁ። መኪናዋ አስፋልቱን ለቀቀች፣ ሣሩ ላይ ተንሸራተተች፣ ግማሽ ዞራ በአቧራ መሃል ቆመች። የነካነው ነገር የለም። አቧራው ገለል ሲል ጽጌ አንድ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ታየችኝ። በሌላው ስልኳን ይዛለች። ፎር ሴል የሚለው ቃል በዓይነ ኅሊናዬ መጣ።

«ምን ሆንክ?» አሉኝ ጆይስ በእርጋታ።

«ምንም» አልኩ በልማዴ።

ቀስ ብዬ እንድወጣ መሩኝና ማቆሚያው ቦታ ስንደርስ ሄልሜቱን አውልቅ አሉኝ። ግንባሬን አዩት።

«ከሱቁ ጀምሮ ነው?»

ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። መሰላሉንም፣ ጉልበታቸውንም፣ እሳቸውን ላለማስቸገር ብዬ መሆኑንም ሁሉን ተናዘዝኩ። ይህን ስናገር ጽጌ እያለከለከች ደረሰች። እጄን፣ አንገቴን ዳበሰችና ደህና መሆኔን ስታረጋግጥ ተቆጣች።

«ይሉኝታ ነዋ! እኔ አውቄዋለሁ! ሰርግ ቤት በቃኝ ማለት አፍሮ ሆዱን ታሞ የሚመጣ ሰው!»

ጆይስ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ጽጌ ሰው ምን ይለኛል እያሉ ራስን ማስጨነቅ ነው ብላ በእንግሊዝኛ አስረዳቻቸው። «ዪሉንታ» አሉ ጆይስ፣ እየደጋገሙ። ሳቅ ብለውም ነበር። ወዲያው ግን ፊታቸው ኮስተር አለ።

«መሰላል መውጣት ሥራዬ ነው። ጉልበቴ ዛሬ አይደለም መታመም የጀመረው። አንተ መሪ ስትይዝ ግን ከጎንህ የምቀመጠው አምኜህ ነው። እኔ እያመመው ምንም የሚል ሾፌር ነው የምፈራው።»

አንገቴን ደፋሁ። ጉልበታቸውን አተርፋለሁ ብዬ እሳቸውን ራሳቸውን ልጎዳ ነበር። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ጆይስ ወደ መኪናቸው ሄደው ለተማሪ የሚያውሱትን ሌላ ሄልሜት አመጡ። አጠለቅሁት።

«ያምሃል?»

ለመመለስ አልቸኮልኩም። ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አገጬን አንድ በአንድ አዳመጥኩ። «አያመኝም» አልኩ። ይህን ጊዜ እውነቴን ነበር።

ጽጌን አየኋት። ስልኳን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ ጆይስን አየች። «እሳቸው አብረውህ ደግመው ለመግባት ካልፈሩ እኔም አልፈራም» አለችኝ።

ገባን። ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! ያንን ኩርባ ባለፍኩት ቁጥር መኪናዋ ከእኔ ጋር የምትስቅ መሰለኝ። ጆይስ ፍሬን ሲሉ ፍሬን፣ አዙር ሲሉ አዞርኩ። ስንጨርስ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ጽጌም ለካ ስልኳን የያዘችው ልትቀርጸኝ ኖሯል። ቪዲዮውን ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ሁሉ ሴንድ አድርጋዋለች፤ ሣሩ ላይ የወጣሁበትንም ጭምር።

በሳምንቱ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ጆይስ ግንባሬን ያሳመመኝን ሄልሜት ተቀብለው ባንኮኒያቸው ላይ አኖሩት። ለገዢ ሁሉ ታሪኩን እየነገሩ ማስተማሪያ አድርገውታል። ማውንት ቤከር ሰፈር የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ሊገዛ ሄዶ ሲሰማ «ይሄማ ሐበሻ ነው!» ብሎ ደወለልኝ። አልካድኩም።

ሄልሜቱን በመለስኩበት ዕለት ታዲያ ጆይስ ወንበሩን አቀረቡ፣ መሰላሉን ጎተቱ፣ ወጡ። እኔ ተቀመጥኩ። እንዳልነሳ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። ስፖርት መኪና መንዳት ከዚያ ይቀላል።

«ያምሃል?»

«ከጆሮዬ በላይ ትንሽ።»

ወጡ፣ ወረዱ። «አሁንስ?»

«አገጬን ያዝ አደረገኝ።»

አንዴ አፌ ተከፍቷል። እውነት መናገር እንዲህ ደስ እንደሚል ማንም አልነገረኝም ነበር። ዛሬም ቢሆን ሰው ቤት ተጋብዤ በቃኝ ስል ጽጌ ጠቀስ ታደርገኛለች፤ እኔም ደስ ይለኛል። በዚያ ዕለት ጆይስ ግን እንደገና ወጥተው መሰላሉ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ዞር ብለው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ዪሉንታ!» አሉ ጮክ ብለው። «ትንሽ ዪሉንታ!»

ደግነቱ ያኔ ያወረዱት ልኬ ሆነ። እውነቴን ነው፣ ለይሉኝታ አይደለም።