የታሸገው የፀጉር ቤት መስኮት

እታለም ፀጉር ቤቷን የከፈተች ዕለት መጀመሪያ ያደረገችው መስኮቱን ማሸግ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ፀጉር ሰሪ ስላለች ሙያዬን አይታ ትሰርቀኛለች ብላ ነው። ሙያ የምትለው ደግሞ ማለስለሻ ቀብቶ በጋለ ብረት መተኮስ ነው። ይህን የማያውቅ ፀጉር ሰሪ በከተማው ያለ አይመስለኝም።

ቅባቱ ሲተኮስ የሚወጣው ጢስ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ደንበኞቻችን ግን ካላስለቀሰ ውሃ የተቀላቀለበት ይመስላቸዋል። አንዷማ እንባ ጠብ ሳይላት ብትነሳ አልከፍልም ብላ ድርቅ አለች፤ እታለም መልሳ አስቀምጣ እስክታለቅስ ተኮሰቻት። እኔ ታናሿ ፀጉር የማጥበው እዚያው አጠገቧ ነው። አዞረኝ ስላት ቁርስ ስለማልበላ እንደሆነ ትነግረኛለች።

ከዚያ እታለም አረገዘች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ሁለቴም የማዶዋ ሴትዮ ዓይን ነው ተባለ። ስለዚህ አሁን በታሸገው መስኮት ላይ ወፍራም መጋረጃ ጨመረች፣ የበሩንም ሥር በጨርቅ ወተፈች። ይህን ልጅ ማጣት አትችልም ነበር፤ እኔም አልችልም።

ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሬያት ገባሁ። አዋላጇ ስለ ሥራዋ ጠየቀቻት። እታለም ስለ ሙያዋ ከጠየቋት መች ታቆማለች፤ ጢሱን ሳይቀር እያሞገሰች ተረከችላት። አዋላጇ ፊቷ ተለወጠ። አንዳንዱ ማለስለሻ ሲሞቅ መርዝ እንደሚተን፣ ለእርጉዝ ሴት ደግ እንዳልሆነ ነገረቻት። ያለፉት ሁለቱ በዚህ የተነሳ ይሁኑ አይሁኑ ግን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግራት አይችልም።

"ለጊዜው መተኮሱን ተዪው፤ ቤቱንም አናፍሺው" አለቻት።

እታለም መንገዱን ሙሉ እየቀደመችኝ ተራመደች። እንዲህ ስትቸኩል አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ። እንደደረስን መጋረጃውን ጎትታ ጣለችው። መስኮቱ ግን ቀለም አጣብቆት እምቢ አለ፤ በካቻቢቴ ፈልቅቀን ስንከፍተው የታፈነው ሽታ ሁሉ መንገዱን ተሻገረ።

የማዶዋ ሴትዮ እያስነጠሰች ወጣች። ልትሰድበን ነው ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ። ምን ሆናችሁ ስትለን እታለም አዋላጇ ያለችውን አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ሴትዮዋ የእታለምን ሆድ አየች፣ ከዚያ ዞራ የራሷን መስኮት አየች። እሱም እንደኛው የታሸገ ነበር።

"እኔንም ሲያስወርደኝ ያንቺ ዓይን ነው ያሉኝ" አለች።

እታለም ካቻቢቴውን ይዛ ወደ ማዶው መስኮት ሄደች።